ዮሐንስ ኬፕለርና የጨረቃ ሕልሙ

ሰው የጨረቃን መሬት በእግሩ የረገጠው በ1969 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ 360 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1609፣ በፕራግ ከተማ የሚኖር አንድ የሒሳብ ሊቅ በብዕሩ ብቻ ወደዚያው ሄዶ ነበር። እዚያም ደርሶ ቀኑንና ሌሊቱን ለካ፤ የሰማዩን መልክ ሣለ፤ ተራራውንና ዋሻውን አበጀ፤ በመጨረሻም ነዋሪዎች አሰፈረበት። ይህ ሰው ዮሐንስ ኬፕለር ነው። ተማሪ የሆነ ሁሉ ስሙን ከሦስቱ የፕላኔቶች ሕግጋት ጋር አያይዞ ያውቀዋል፤ ለፈተና ሲልም ሕግጋቱን በቃሉ ይዟቸዋል። እኛ ዛሬ የምንተርከው ግን ስለዚያች ትንሽ የጨረቃ መጽሐፉና እርሷ በቤቱ ላይ አመጣችብኝ ብሎ ስላመነው መከራ ነው።

ኬፕለር በዲሴምበር 27 ቀን 1571 በደቡብ ጀርመን ቫይል ደር ሽታት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ደካማ ሕፃን ነበር። አባቱ ሃይንሪሽ ገንዘብ ለከፈለው የሚዋጋ ቅጥር ወታደር ስለ ነበረ ከቤቱ ይልቅ በጦር ሜዳ ይገኝ ነበር፤ በመጨረሻም ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ልጁን ፈንጣጣ ይዞት ከሞት ቢተርፍም ዓይኑ ደከመ፤ እጆቹም ተጎዱ። እንግዲህ ከዋክብትን ሊመረምር የተፈጠረው ሰው ከዋክብትን አጥርቶ ማየት የማይችል ሆኖ አደገ።

እናቱ ካታሪና የአንድ እንግዳ ማረፊያ ቤት ጌታ ልጅ ነበረች። በእኛ አነጋገር ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ የምትባል ዓይነት ሴት ናት፤ ጎረቤት ሲታመም መድኃኒት ትቀምማለች፤ ምላሷ ስለታም ነው፤ በማያገባትም ትገባለች። ይሁን እንጂ በ1577 ትልቅ ጅራታም ኮከብ በሰማይ በታየ ጊዜ፣ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ልጇን ወደ ከፍተኛ ቦታ ይዛ ወጥታ ያሳየችው እርሷ ነች። ከሦስት ዓመት በኋላም የጨረቃን ግርዶሽ እንዲያይ ወላጆቹ ከቤት አወጡት፤ ጨረቃም ቀልታ አያት። ይህን ኬፕለር እስከ ሽምግልናው አልረሳውም።

የቩርተምበርግ መሳፍንት አእምሮ ያላቸውን የድኻ ልጆች ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በነፃ ያስተምሩ ስለ ነበር፣ ልጁ በዚህ ዕድል ተጠቅሞ በ1589 ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሐሳቡ ቄስ ለመሆን ነበር። ነገር ግን መምህሩ ሚካኤል ሜስትሊን ኮፐርኒከስ በ1543 ያሳተመውን ትምህርት አሳወቀው፤ ይኸውም በመካከል ያለችው ፀሐይ ናት፤ መሬት በራሷ ላይ ትሽከረከራለች፤ በፀሐይም ዙሪያ ትሄዳለች የሚለው ነው። በዚያ ዘመን ይህን የሚቀበል ሰው ጥቂት ነበር። ተቃዋሚዎቹ የሚያቀርቡት መከራከሪያም ለማንም የሚገባ ነው፤ መሬት የምትሮጥ ከሆነ ለምን አይታወቀንም? ቤቱና ዛፉስ ለምን አይንገዳገድም?

ወጣቱ ኬፕለር በ1593 ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ አንድ ጽሑፍ አዘጋጀ። የሰማይ ሁኔታ በጨረቃ ላይ ለቆመ ሰው እንዴት ይታየዋል የሚል ነበር። ጨረቃ በመሬት ዙሪያ እንደምትሄድ ከሁለቱ ወገን የሚክድ የለም። ሆኖም በጨረቃ ላይ የሚኖር ፍጡር ቢኖር የእርሷ መሄድ አይታወቀውም፤ እርሱ በጸና መሬት ላይ የቆመ፣ ሌላው ሁሉ ግን በዙሪያው የሚዞር ይመስለዋል። በራሱ ላይ የምትሽከረከረውንም የእኛን መሬት ይመለከታል። የጨረቃው ሰው እንዲህ ከተሳሳተ፣ እኛስ የቆምን የሚመስለን በምን ማስረጃ ነው? ጽሑፉ በዩኒቨርሲቲው ሸንጎ ፊት ቀርቦ ክርክር እንዲደረግበት ቢጠየቅም፣ ክርክሩን የሚመራው ፕሮፌሰር የኮፐርኒከስ ተቃዋሚ ስለ ነበረ አልፈቀደም። ወረቀቱም ወደ ሣጥን ተመለሰ፤ በሣጥን ውስጥም 16 ዓመት ቆየ።

ስለነዚህ 16 ዓመታት ብዙ መጻሕፍት ስለ ተጻፉ በአጭሩ እንለፈው። በ1594 በኦስትሪያ በግራትስ ከተማ የሒሳብ መምህር ሆነ። በ1600 የሉተርን ሃይማኖት አልተውም በማለቱ ከዚያ ተባረረና ወደ ፕራግ ሄዶ ከዴንማርኩ ሊቅ ከቲኮ ብራሄ ዘንድ በረዳትነት ገባ። ቲኮ በ1601 ሲሞት ንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ 2ኛ ኬፕለርን በቦታው የቤተ መንግሥታቸው የሒሳብ ሊቅ አድርገው ሾሙት፤ ደመወዙን ግን በወቅቱ አግኝቶ አያውቅም። የቲኮን የማርስ ልኬቶች ለዓመታት ሲመረምር ሒሳቡና ልኬቱ በስምንት ደቂቃ ማዕዘን ብቻ ተለያዩበት። ይህ ከአንድ ዲግሪ ሰባተኛ ክፍል እንኳ የማይሞላ ልዩነት ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይሁን ብሎ ባለፈው ነበር። ኬፕለር ግን ስለዚህ ስምንት ደቂቃ ሲል ሁለት ሺህ ዓመት የተከበረውን የክብ መንገድ ጥሎ የፕላኔቶች ምሕዋር ሞላላ መሆኑን አገኘ። መጽሐፉም በ1609 ታተመ። በዚያው ዓመት ነው እንግዲህ የተማሪነት ወረቀቱን ከሣጥን አውጥቶ ልብ ወለድ ያደረገው፤ ስሙንም በላቲን ቋንቋ ሶምኒዩም፣ ማለት ሕልም፣ አለው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ተራኪው ከዋክብትን ሲመለከት አምሽቶ ይተኛና በሕልሙ መጽሐፍ ያነባል። በመጽሐፉ ውስጥ የአይስላንድ ተወላጅ የሆነ ዱራኮቱስ የሚባል ወጣት ይናገራል። እናቱ ፊዮልክስሂልድ ቅጠል ለቅማ በከረጢት እያሰረች ለመርከበኞች የምትሸጥ ሴት ናት። ልጁ አንድ ቀን ከረጢቱን ቀዶ ቅጠሉን ቢያፈስባት ተቈጥታ ለመርከቡ አለቃ ትሰጠዋለች። አለቃውም በዴንማርክ ደሴት ከቲኮ ብራሄ ዘንድ ያደርሰዋል፤ እዚያም አምስት ዓመት የከዋክብትን ትምህርት ይማራል። ሲመለስ እናቱ በጸጸት ትቀበለዋለች፤ ልጇ ከሊቃውንት የተማረውን እርሷ ደግሞ ከአንድ መንፈስ እንደ ተማረች ትገልጥለታለች። የእኛ አገር ሰው ቢሆን ዛር ይለው ነበር። መንፈሱ ሲጠራ ይመጣና ስለ ጨረቃ ያስተምራል፤ ስሟንም ሌቫኒያ ይላታል፤ ቃሉ ጨረቃ ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል የተወሰደ ነው። ዱራኮቱስ ይህን ሁሉ ለመጻፍ ድፍረት ያገኘው እናቱ ከሞተች በኋላ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መንገዱ 50,000 የጀርመን ማይል ነው ይላል፤ ይህም በዛሬው ልክ ወደ 370,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ትክክለኛው አማካይ ርቀት 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ግምቱ የሚያስደንቅ ነው። መናፍስቱ ብርሃን ስለማይወዱ የሚጓዙት በግርዶሽ ጊዜ የመሬት ጥላ እስከ ጨረቃ ሲዘረጋ ነው፤ ስለዚህ ጉዞው በአራት ሰዓት ማለቅ አለበት። ከሰው ወገን የሚወስዱት ወፍራሙን አይደለም፤ ፍየል እየጋለቡ ሌሊት መዞር የለመዱ የደረቁ አሮጊቶች ይሻላሉ ይላል። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ሴቶች በእንዲህ ያለ ቀልድ ይቃጠሉ ነበር። መንገደኛው አነሣሡ እንደ መድፍ ጥይት ኃይለኛ ስለሚሆንበት ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ አየሩ ሲሳሳም በአፍንጫው ላይ እርጥብ ሰፍነግ ይደረግለታል። ከተወሰነ ቦታ በኋላ የመሬትና የጨረቃ ስበት ስለሚመጣጠኑ አካሉ ያለ ገፊ በራሱ ይጓዛል። ኒውተን ገና አልተወለደም።

ከዚህ በኋላ ያለው የመጽሐፉ ልብ ነው። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው አዲስ ዓለም ለመፍጠር ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሁሉንም እንዳሻው ይለውጣል፤ ሁለት ፀሐይ ይሰቅላል፤ የውሃውን ቀለም ይቀይራል። ኬፕለር የለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተመልካቹን ቦታ። የቀረውን ሁሉ ሒሳቡ ራሱ እንዲለውጠው ተወው።

ጨረቃ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ስለምትሄድ ሌቫኒያ በሁለት አገር ተከፈለች። ወደ እኛ የዞረችው ሱብቮልቫ፣ ከኋላ ያለችው ፕሪቮልቫ ተባሉ። ቮልቫ የእኛ መሬት ናት፤ ትርጓሜውም የምትሽከረከረው ማለት ነው። የእነርሱ አንድ ቀንና ሌሊት የእኛ አንድ ወር ነው፤ ፀሐይ 14 ቀን ያህል ትወጣለች፣ 14 ቀን ያህል ትጠልቃለች። በሱብቮልቫ ሰማይ ላይ ቮልቫ በምስማር እንደ ተመታች ከቦታዋ አትነቃነቅም፤ ከዋክብትና ፀሐይ ግን ከኋላዋ ያልፋሉ። አግድመቷ ከእኛ ጨረቃ አራት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። እንደ ጨረቃም ትጎድላለች፣ ትሞላለች። በመካከሉ የሚኖሩት በራሳቸው አናት ላይ ያዩዋታል፤ በዳር የሚኖሩት ከተራራው ጫፍ ላይ እንደ ተቀመጠች ያገኟታል። ስለዚህም አንድ የሌቫኒያ መንገደኛ ከአገሩ ምን ያህል እንደ ራቀ ለማወቅ የቮልቫን ከፍታ መለካት ይበቃዋል።

ሰዓታቸውም እርሷው ናት። በላይዋ ያሉት ነጠብጣቦች በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ዞረው ስለሚመለሱ፣ ያን ረጅም ሌሊታቸውን በእነዚህ ይከፍሉታል። ኬፕለር ነጠብጣቦቹን ሲገልጽ አፍሪካን እስከ ትከሻው ከተቆረጠ የሰው ራስ ጋር ያመሳስላታል፤ ራሱም ረጅም ቀሚስ የለበሰች ልጃገረድን ሊስም የተጠጋ ነው፤ ልጃገረዷ አውሮፓ ናት። የአህጉራችንን ካርታ ወስዶ የሚያይ ሰው ምስያው ከእውነት የራቀ እንዳልሆነ ያገኘዋል። ግርዶሹም ተገልብጧል፤ እኛ የጨረቃ ግርዶሽ ባየን ጊዜ እነርሱ የፀሐይ ግርዶሽ ያያሉ፤ እኛ ፀሐይ በጨለመችብን ጊዜ ደግሞ እነርሱ በቮልቫ ፊት ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ስታልፍ ይመለከታሉ።

ፕሪቮልቫውያን ግን ቮልቫን ከቶ አያዩዋትም። ሌሊታቸው ያለ ጨረቃ ብርሃን በውርጭና በነፋስ የተሞላ ነው፤ ቀናቸውም ያቃጥላል። ፍጥረቱ ከዚህ የተነሣ ተበጀ። ሁሉም በፍጥነት ያድጋል፤ በጣም ይተልቃል፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። ቋሚ ቤት የላቸውም፤ በእነርሱ አንድ ቀን ውስጥ ዓለማቸውን በመንጋ ይዞራሉ፤ አንዳንዱ ከግመል በረዘመ እግር፣ አንዳንዱ በክንፍ፣ አንዳንዱ በጀልባ የሚሸሸውን ውሃ ይከተላል፤ ሐሩሩ ሲበረታም ዋሻና ውሃ ውስጥ ይሸሸጋሉ።

በዛሬው ዕውቀት ስንመዝነው በጨረቃ ላይ የሚተነፈስ አየርም ሆነ እንዲህ ያለ ፍጥረት የለም። ይሁን እንጂ የሰማዩ ንድፍ ትክክል ነው። የጨረቃን ጀርባ የሰው ልጅ በፎቶግራፍ ያየው በ1959 የሶቪየት መንኰራኵር ባነሣው ሥዕል ነው፤ በ1969ም ጨረቃ ላይ የቆሙት ሰዎች መሬትን ያዩዋት ኬፕለር እንዳለው በሰማዩ አንድ ስፍራ ተሰቅላ ነው።

መጽሐፉ በእጅ ጽሑፍ ሳለ ከጥቂት ወዳጆች በቀር ያነበበው አልነበረም። በ1611 አንድ ቅጂ ከፕራግ ወጥቶ ወደ ላይፕሲግና ወደ ቱቢንገን ሄደ። ያ ዓመት ለኬፕለር ክፉ ነበር፤ የስድስት ዓመት ልጁ በፈንጣጣ፣ ሚስቱም በዚያው ዓመት ሞቱበት። ንጉሠ ነገሥቱም ሥልጣናቸውን እያጡ ሄደው በ1612 መጀመሪያ አረፉ። እርሱም ወደ ሊንትስ ተዛወረ። በቱቢንገን ፀጉር አስተካካዮች ቤት ስለ መጽሐፉ እየተወራ መሆኑን የሰማው በኋላ ነው። ከመንፈስ ጋር የምትነጋገር ቅጠል ሻጭ እናት፤ ከቲኮ ብራሄ ዘንድ የተማረ ልጅ። ወሬኛ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

በ1615 በሌዮንበርግ ከተማ ኡርሱላ ራይንቦልድ የምትባል የመስተዋት ሠሪ ሚስት ከካታሪና ጋር ተጣላች፤ መራራ መጠጥ አጠጥታኝ ታመምሁ፤ መተተኛ ናት ብላም አወራችባት። የሴቲቱ ወንድም ፀጉር አስተካካይና ቁስል ሐኪም ነበር፤ ከከተማው ሹም ከሉቴሩስ አይንሆርን ጋር ጠጥቶ ሳለ አሮጊቷን አስጠርተው በሰይፍ አስፈራርተው እኅቱን እንድትፈውስ አዘዟት። የካታሪና ልጆች ስም ማጥፋት ነው ብለው ከሰሱ። ክሱን የሚያየው ግን ያው በጉዳዩ ውስጥ የነበረው ሹም ነው። መዝገቡን ይዞ አቆየው፤ ቀጠሮ አሳልፎ ቀጠሮ ሰጠ። በመሥሪያ ቤት የሚሠራ አንባቢያችን አንድ ወረቀት በጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ በመቀመጡ ብቻ ሰውን እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል ያውቃል። አይንሆርን በሹመት ዘመኑ 15 ሴቶች በመተት ከስሶ ስምንቱን አስገድሏል።

ካታሪናም ራሷን አልረዳችም። ጡብ የተሸከመች ልጅ በመንገድ አልፋት ክንዴን አሳመመችኝ ባለች ጊዜ፣ ነገሩ እንዲቀር ለሹሙ የብር ዋንጫ ልስጥህ አለችው። ይህም ለክሱ ተጨመረ። የአባቷን የራስ ቅል ከመቃብር አስወጥታ ለልጇ የመጠጫ ጽዋ ልታሠራ አስባ መቃብር ቆፋሪውን ጠይቃ ነበር፤ የጥንት ሰዎች ልማድ መሆኑን በስብከት ሰምታ ኖሯል። በኦገስት 1620 በሌሊት ከሴት ልጇ ቤት ተይዛ በሣጥን ውስጥ ተደርጋ ተወሰደች። ቆርቆሮ ሠሪው ታናሽ ልጇ ኀፍረቱ ስለ ከበደው ጉዳዩ ወደ ሌላ ከተማ እንዲዛወር ለመነ፤ ስለዚህም ወደ ጉግሊንገን ተወስዳ በሰንሰለት ታሰረች። ዕድሜዋ ከ70 አልፏል፤ ሁለት ጠባቂዎች ተቀጠሩባት፤ ወጪውም ከእርሷው ገንዘብ ይታሰብ ነበር።

ኬፕለር ቤተ ሰቡንና ሥራውን ትቶ ከሊንትስ መጣ። ሦስተኛውን የፕላኔቶች ሕግ ያገኘው ክሱ ገና ሲጓተት፣ በ1618 ነበር፤ አሁን ግን ያን አእምሮውን በሙሉ ለእናቱ ፋይል አዋለው። ክርክሩ ሁሉ በቃል መሆኑ ቀርቶ በጽሑፍ እንዲሆን ጠየቀ። ጸሐፊውም ተከሳሿ የሒሳብ ሊቅ ልጇን ይዛ መቅረቧን በቅሬታ መዝግቧል። የመጨረሻው መከላከያ ጽሑፍ 128 ገጽ ነው። አሠራሩ በማርስ ላይ እንደ ሠራው ነው፤ የእያንዳንዱን ምስክር ቃል ከቀኑና ከቦታው ጋር ያመዛዝናል፤ የሚለያየውን ስምንት ደቂቃ ይፈልጋል። የልጅቷ ክንድ የታመመው ከአቅሟ በላይ ጡብ ስለ ተሸከመች ነው፤ ሽባ ሆንሁ ያለው የትምህርት ቤት መምህርም ሸክም ይዞ ጉድጓድ ሲዘል የተጎዳ ነው፤ የራይንቦልድም ሕመም ከጠቡ በፊት የነበረ ነው እያለ ያስረዳል።

የቱቢንገን የሕግ ፋኩልቲ ሙሉ ማሠቃየት አልፈቀደም፤ የማሠቃያ መሣሪያዎቹን አሳይታችሁ አስፈራሯት አለ። በሴፕቴምበር 28 ቀን 1621 ፍርድ ፈጻሚው መሣሪያዎቹን እያንዳንዳቸውን እያሳየ ምን እንደሚያደርጉ ነገራት። አሮጊቷ ሥሮቿን ከሥጋዋ አንድ በአንድ ቢመዙ እንኳ የምትናዘዘው እንደሌላት ተናግራ፣ ተንበርክካ አባታችን ሆይ ደገመች። ከጥቂት ቀን በኋላ በመስፍኑ ትእዛዝ ተፈታች። የታሰረችው 14 ወር ነው። ወደ ሌዮንበርግ ብትመለስ እንገድላታለን የሚሉ ነበሩ። በኤፕሪል 13 ቀን 1622 ሞተች።

እንደ ዱራኮቱስ ሁሉ ኬፕለርም ወደ መጽሐፉ የተመለሰው እናቱ ከሞተች በኋላ ነው። ለዚያች አጭር ታሪክ 223 ማብራሪያ ጻፈላት፤ ማብራሪያው ከታሪኩ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፊዮልክስሂልድ ማን እንደ ሆነች፣ መንፈሱ ዕውቀት መሆኑን፣ አሮጊቶቹና ፍየሎቹ ቀልድ መሆናቸውን አንድ በአንድ ያስረዳል። በቤቴ ላይ የወደቀው መከራ ከዚች ጽሑፍ ተነሣ ብሎ በግልጽ ያምን ነበር። የዳኝነቱን ወረቀት የመረመሩ ሊቃውንት በዚህ አይስማሙም፤ ከሳሾቹ መጽሐፉን አላነበቡም፤ ክሱም ከጎረቤት ጠብ የመጣ ነው ይላሉ። ለእኔም እነርሱ ትክክል ይመስሉኛል። ኬፕለር ግን ራሱን ከክሱ ነፃ ማውጣት አልቻለም።

መጽሐፉን በሳጋን ከተማ ማሳተም ጀምሮ ሳለ ያልተከፈለውን ደመወዙን ሊያስከፍል ወደ ሬገንስቡርግ ሄደ፤ እዚያም ታሞ በኖቬምበር 15 ቀን 1630 ሞተ። መቃብሩ በጦርነቱ ጠፋ። የልጁ ባል ያኮብ ባርትሽ ኅትመቱን ቀጠለና እርሱም በ1633 ሞተ። ከዚህ በኋላ መበለቲቱ ያልተጠረዙትን ገጾች ይዛ ወደ እንጀራ ልጇ ወደ ሉድቪግ መጣች። ሉድቪግ ሐኪም ነበር፤ አባቱና አማቹ በዚህ መጽሐፍ ሥራ ላይ እንዳሉ መሞታቸውን አስቦ መጀመሪያ ፈርቶ ነበር። በ1634 በፍራንክፈርት አስፈጽሞ አወጣው፤ ከዚያም በኋላ 29 ዓመት ኖረ።